የቢግፉት ጉባኤ ላይ እንዴት ይኬዳል? ከትኬቱ እስከ ሌሊቱ ጫካ

አብሮኝ ዌርሃውስ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ አለ። ስድሳን የተሻገረ፣ ቁም ነገረኛ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳንድዊቹን እየፈታ፣ በወጣትነቱ አጋዘን ሊያድን ወጥቶ በሁለት እግሩ የሚሄድ ጸጉራም ነገር ማየቱን ነገረኝ። ቢግፉት ይሉታል፤ በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች ይኖራል የሚባል፣ ሰው የሚመስል ግዙፍ ፍጡር ነው። ሳቄ መጣ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው እሱ አልሳቀም። ሳቄን ዋጥኩት። ከሳምንታት በኋላ «ጉባኤ አለን፤ ከእኔ ጋር ትመጣለህ?» አለኝ። እናቴ በስልክ ይህን ስትሰማ «አሜሪካ ድረስ የሄድከው ጭራቅ ፍለጋ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሄድኩ። በዓመቱም ደገምኩት።

ከአሁኑ ልናገር፤ ቢግፉትን አላየሁም። አለ ብዬም አላምንም። ግን ትልልቅ ሰዎች ተራ በተራ ተነሥተው፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ያዩትንና ሚስታቸው እንኳን ያላመነችላቸውን ነገር ሲናገሩ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ለመግባት ማመን ግዴታ አይደለም። ማዳመጥ ግን ግዴታ ነው። ይህ መመሪያ እንደኔ ድንገት ለተጋበዘ፣ ወይም ለማየት ያህል ልሂድ ላለ ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ የስብሰባውን ዓይነት ለዩ

ተናድዶ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የማይሆነው ቦታ የሄደ ሰው ነው። ሦስት ዓይነት ስብሰባ አለ።

ፌስቲቫሉ የመንገድ ላይ ባዛር ነው። ምግብ፣ ሙዚቃ፣ የልጆች ጨዋታ፣ የቢግፉት ልብስ ለብሶ የሚዞር ሰው፣ አንዳንዴም የጩኸት ውድድር አለው። በካሊፎርኒያ ዊሎው ክሪክ የምትባል ትንሽ ከተማ በየዓመቱ «ቢግፉት ዴዝ» ታከብራለች፤ ከተማዋ ውስጥ የቢግፉት ክፍል ያለው ሙዚየምም አለ። በሰሜን ካሮላይና ማሪዮን፣ በሚኒሶታ ደግሞ ሪመር የየራሳቸው ፌስቲቫል አላቸው። ካናዳ ያላችሁ ሃሪሰን ሆት ስፕሪንግስን ፈልጉ። «ሳስኳች» የሚለው የቢግፉት ሌላ ስም ራሱ የመጣው ከዚያ አካባቢ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ልጆች ካሏችሁ ፌስቲቫል ይበቃችኋል።

ጉባኤው ሌላ ነው። አዳራሽ፣ ወንበር፣ ተናጋሪ፣ ጥያቄና መልስ። የሚከፈልበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይቀመጡበታል።

ሦስተኛው የጫካ ጉዞ ነው፤ እነሱ ኤክስፔዲሽን ይሉታል። በ1995 የተመሠረተው፣ ቢግፉት አየሁ የሚሉ ሰዎችን ሪፖርት የሚሰበስበው ቢኤፍአርኦ የሚባል ድርጅት እንዲህ ያለ ጉዞ ያዘጋጃል። ከፍላችሁ ለቀናት ድንኳን ውስጥ ታድራላችሁ። ለጀማሪ አልመክርም። ብርዱን የምትችሉት ለነገሩ ፍቅር ካላችሁ ብቻ ነው።

እኔ የምመክረው ጉባኤውን ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረውም የማውቀውን ይዤ ነው፤ ምሥራቅ ኦሃዮ፣ ሶልት ፎርክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ስለሚካሄደው ስለ ኦሃዮ ቢግፉት ኮንፈረንስ። ኮሎምበስ የሚኖር አበሻ ብዙ ነው፤ ከዚያ በአይ-70 ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢነዳ ይደርሳል። ሲያትል ያላችሁማ ወሬው ደጃችሁ ነው። በቢኤፍአርኦ መዝገብ ብዙ ሪፖርት የመጣው ከዋሽንግተን ስቴት ነው።

2. ትኬትና አልጋ

ጉባኤው ብዙውን ጊዜ የሚውለው ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ መጀመሪያ ገደማ ነው። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከአዘጋጆቹ አረጋግጡ። ትኬቱን እንደወጣ ግዙ።

ከትኬቱ ይልቅ የሚያስቸግረው አልጋው ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለው ሎጅ ወራት ቀድሞ ይሞላል። ሎጁን ካጣችሁ ካምብሪጅ ከተማ ሂዱ። አይ-70 እና አይ-77 የሚገናኙበት ስለሆነ የመንገደኛ ሆቴል አይጠፋም። ከኮሎምበስ ደርሶ መልስም ይቻላል፤ ግን ሌሊቱን ታጣላችሁ። ሌሊቱ ደግሞ ዋናው ነው።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት ዓርብ ማታ ነው፤ እራቱም ሥጋ ነው። ፋሲካ ሜይ ውስጥ በሚውልባቸው ዓመታት ደግሞ ጉባኤው እዚያው ዐቢይ ጾም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ስንቃችሁን ቋጥሩ። በሶ አሪፍ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመኪናው ይሁን፤ ጫካ ይዛችሁ አትግቡ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ በሚያዳምጥበት ሰዓት አንድ ፍሬ ቆሎ ምን ያህል እንደሚጮህ የገባኝ እዚያ ነው። ሃያ ሰው ዞሮ አየኝ።

3. ሳትሄዱ ይህን አጥኑ

ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ታሪክ ካላወቃችሁ ንግግሮቹ አይገቧችሁም። ብዙ አይደለም፤ አንድ ማታ ይበቃል።

ስሙ የመጣው በ1958 ነው። ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ ብላፍ ክሪክ በሚባል ቦታ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ማሽኖቻቸው አካባቢ የሰው እግር የሚመስል፣ ግን 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዱካ አገኙ። ጄሪ ክሩ የሚባል የቡልዶዘር ኦፕሬተር ዱካውን በጀሶ ቀድቶ ከተማ ይዞት ገባ። ሠራተኞቹ «ቢግ ፉት» ይሉት ነበር፤ ትልቅ እግር ማለት ነው። የአካባቢው ጋዜጣ አወጣው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2002 የመንገዱ ተቋራጭ ሬይ ዋላስ ሲሞት፣ ቤተሰቦቹ ከእንጨት የተጠረበ ትልቅ እግር አውጥተው «ቀልዱ የሱ ነበር» አሉ። ይህን ጉባኤ ላይ እንደ ትልቅ ምሥጢር እንዳታነሡት። ሁሉም ያውቀዋል። መልሳቸውም ተዘጋጅቷል፤ የእንጨቱ እግር ከሁሉም ዱካ ጋር አይገጥምም ይላሉ።

ሁለተኛው ፊልሙ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1967 ሮጀር ፓተርሰን እና ቦብ ጊምሊን የሚባሉ ሁለት ሰዎች እዚያው ብላፍ ክሪክ በፈረስ ሲሄዱ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ቀረጹ። ጡት ያላት ጸጉራም ፍጡር ወንዝ ዳር ትሄዳለች፤ መሀል ላይ ዞር ብላ ካሜራውን ታያለች። ያቺ ዞር ያለችበት ፎቶ ፍሬም 352 ትባላለች። ፍጡሯን «ፓቲ» ይሏታል። እንደ ዘመድ ነው የሚጠሯት። ፓተርሰን በ1972 በካንሰር ሞተ። ጊምሊን ግን ረጅም ዕድሜ ኖሮ በየጉባኤው የክብር እንግዳ ሲሆን ቆይቷል። ልብሱን የለበስኩት እኔ ነኝ ብሎ የወጣ ሰውም አለ። ከክርክሮቹ ሁሉ እኔን የሚስበኝ ስለ ካሜራው ፍጥነት የሚነሣው ነው። በሴኮንድ 16 ምስል ነው? 18 ነው? ወይስ 24? ማንም እርግጠኛ አይደለም። ፍጥነቱ ሲለወጥ አካሄዷም ይለወጣል። በአንዱ ሰው የሚመስለው እርምጃ በሌላው ሰው አይመስልም።

ከምሁራን ሁለት ስም ያዙ። ግሮቨር ክራንትዝ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት ነበር። ቢግፉት አለ ብሎ በአደባባይ በመከራከሩ ባልደረቦቹ ሲስቁበት ኖሯል። በ2002 ሲሞት አስከሬኑን ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሰጠ፤ ያለ ውሻዬ አልሄድም ስላለ አጽሙ ከውሻው አጽም ጋር ነው የተቀመጠው። ጄፍ ሜልድረም ደግሞ በ2025 እስኪሞት ድረስ የአይዳሆ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ምሁር ነበር። በዱካ ጥናት ስሙ ሳይነሣ የሚያልቅ ጉባኤ የለም።

የተቃራኒውንም ወገን እወቁ። በ1976 አንድ ፈላጊ ያልታወቀ ጸጉር ነው ብሎ ለኤፍቢአይ ላከ። ሲመረመር የአጋዘን ሆነ። ፋይሉ ለሕዝብ የወጣው በ2019 ነው። በ2014 ብራያን ሳይክስ የሚባል የኦክስፎርድ የዘረመል ሊቅ ከየአገሩ የተሰበሰበ ጸጉር መርምሮ ድብ፣ ፈረስ፣ ላም፣ የሰውም ጭምር አገኘ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ጥቁር ድብ በሚበዛበት ቢግፉት አየሁ የሚለውም እንደሚበዛ አሳይቷል። እዚህ ላይ ኦሃዮዎች ፈገግ ይላሉ። ኦሃዮ ውስጥ ድብ በጣም ጥቂት ነው፤ በሪፖርት ብዛት ግን ግዛቷ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ናት። እዚያ ቢግፉትን «ግራስማን» ይሉታል፤ የሣር ሰው እንደማለት።

ከኢትዮጵያ መሆናችሁን ሲሰሙ ደግሞ የሚመጣው ወሬ አንድ ነው፤ ሉሲ። ድንቅነሽ። ተዘጋጁ። ቢግፉት ምንድን ነው ሲባሉ አንዳንዶቹ ጊጋንቶፒተከስ ይላሉ። ይህ በእስያ ይኖር የነበረ፣ በጥርሱና በመንጋጋው ብቻ የሚታወቅ ግዙፍ ዝንጀሮ ነው። ሌሎቹ ፓራንትሮፐስ ይላሉ፤ አፍሪካ ውስጥ የኖረ የጥንት ሰው መሰል ፍጡር ነው። ይህኛው ነው የኛ ዘመድ። ፓራንትሮፐስ ኢትዮፒከስ የተባለው መንጋጋ የተገኘው ኦሞ ሸለቆ ነው፤ ያውም በ1967፣ ፓቲ በተቀረጸችበት ዓመት። ይህን ነገር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተናግሬ ቡና በነጻ ጠጥቻለሁ። ለማስቀናት ከሆነ ግን ድንቅነሽን አታንሡ። የእነሱ ከ2 ሜትር በላይ ነው ይላሉ፤ የእኛዋ 1 ሜትርን ብዙም አታልፍም።

ሠፈሮቹንም ለዩ። አንደኛው ሠፈር ቢግፉት እንስሳ ነው፣ ሥጋና ደም ነው ይላል። ሌላው ከሰማይ ብርሃን፣ ከመንፈስ፣ ከሌላ ዓለም በር ጋር ያያይዘዋል፤ ይህን የመጀመሪያዎቹ «ዉ» ብለው ያሾፉበታል። ቃሉን እናንተ አትጠቀሙት። አጠገባችሁ የተቀመጠው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አታውቁም። «ይገደል ወይስ አይገደል» የሚለውም ሌላ ጠብ ነው። አስከሬን ካልተገኘ ሳይንስ አያምንም የሚሉ አሉ፤ ይህን ሲሰሙ እንባ የሚተናነቃቸው አሉ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ስካሜኒያ የሚባል ካውንቲ በ1969 ቢግፉትን መግደል በሕግ ከልክሏል። ሕጉ የወጣው ኤፕሪል 1 ቀን ነው። ሆኖም ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ጠመንጃ ይዞ የሚጎርፈው ሰው እርስ በርሱ እንዳይጋደል ነው ፍርሃቱ።

4. አዳራሹ

ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ። ወንበር ላይ ጃኬት አስቀምጡና ወደ ጠረጴዛዎቹ ውጡ። ቲሸርት፣ ስቲከር፣ መጽሐፍ፣ የዱካ ጀሶ፣ የድምፅ መቅጃ፣ ሁሉም ይሸጣል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ጀሶ ከመግዛታችሁ በፊት «የየት ነው? መቼ? ማን ቀዳው?» በሉ። ደህና ሻጭ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ቅጂ መሆኑንም ይነግራችኋል።

ንግግሮቹ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ ስላይድ ላይ በቀይ የተከበበ ቅጠል እያሳየ «ይኸው ዓይኑ» ይላችኋል። እኔ ቅጠል ነው ያየሁት። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ግን አዩት። እንዲህ ሲሆን ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ስለ ዱካ፣ ስለ ድምፅ ቀረጻ፣ ስለ ጫካው ታሪክ የሚናገሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ድካማችሁን ለነዚያ አቆዩት።

ሰው ያያችኋል። በአዳራሹ ውስጥ ያለነው ጥቁሮች በጣት የምንቆጠር ነበርን። አብዛኛው አስተያየት የጉጉት ነው፤ ሰላም ስትሏቸው ወዲያው ይፈታሉ። የጋበዛችሁ ሰው ካለ ከሱ ጋር ግቡ።

5. ምስክርነቱን ማዳመጥ

ይህን ክፍል ሰፋ አደርገዋለሁ፤ የመጣንበት እሱ ነውና።

መድረክ ላይ ማይክ ተይዞ የሚነገር አለ። ዋናው ግን በኮሪደሩ፣ ሲጋራ ማጨሻው ጋ፣ እሳት ዳር የሚነገረው ነው። ሰውየው መጀመሪያ ያያችኋል። ከዚያ «እኔ እንኳን እብድ አይደለሁም» ይላል። ሁሉም በዚህ ነው የሚጀምሩት። ከዚህ በኋላ አታቋርጡት። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ሳይፈቅድ አትቅረጹ። ፈገግ እንዳትሉ፤ የአክብሮት ፈገግታችሁን እሱ ሌላ አድርጎ ሊያየው ይችላል።

እኛ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደምንቀመጥ አስቡት። ሰው ሲያወራ ከንፈር እንመጣለን፣ «እህ» እንላለን፣ አንከራከርም። እዚህም እንደዚያው ነው። አማኝ ላለመምሰል ብላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ አማኝ ለመምሰል ብላችሁም «አዎ አዎ እኔም» አትበሉ። ውሸቱ ይታወቃል።

ጨርሶ ዝም ሲል ነው ጥያቄ የሚመጣው። እኔ ሦስት ጥያቄ አሉኝ። ምን ያህል ይርቅ ነበር? ብርሃኑ ከየት በኩል ነበር? ስንት ሴኮንድ አየኸው? እነዚህ ሰውየውን አያስቀይሙትም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ በቁም ነገር ይዛችሁታልና። ለናንተ ደግሞ ብዙ ያሳያሉ። መቶ ሜትር ርቆ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ለሁለት ሴኮንድ የታየ ነገር አለ። አሥር ሜትር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለአንድ ደቂቃ የታየም አለ። እነሱ ራሳቸው ይለዩታል። ቢኤፍአርኦ በግልጽ የታየውን «ክላስ ኤ» ይለዋል፤ የተሰማውን ወይም በደንብ ያልታየውን «ክላስ ቢ»፤ የሰሚ ሰሚውን «ክላስ ሲ»።

አራተኛ ጥያቄም አለችኝ፤ የምጠይቃት ሰውየው ከተመቸው ብቻ ነው። «ከዚያ ቀን በኋላ ጫካ ትሄዳለህ?» አንዱ በየሳምንቱ ይሄዳል፤ ትዳሩ እስኪናጋ። አንዱ ጠመንጃውን ሸጦ ዳግመኛ አደን አልወጣም። የዌርሃውሱ ባልደረባዬ ይህን ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ያደግኩበት ጫካ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የማይጠየቀው ደግሞ ይኸው፤ «ጠጥተህ ነበር?» «ድብ አይሆንም?» ድብ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲጠይቅ ኖሯል። አዲስ ነገር አልነገራችሁትም።

6. ሌሊቱ ጫካ

ማታ ቡድን ቡድን እየሆኑ ወደ ጫካ ይወጣሉ። ከሚያውቅ ቡድን ጋር ካልሆነ አትውጡ። ሶልት ፎርክ የኦሃዮ ትልቁ ስቴት ፓርክ ነው፤ ሐይቅና ገደል አለው። ሆሳክስ ኬቭ የሚባለውን የድንጋይ ዋሻ በቀን ሄዳችሁ እዩት፤ መሬቱን በቀን ያላየ ሰው በሌሊት ይሰናከላል። የትኛው መንገድ በሌሊት እንደሚፈቀድ ሎጁ ላይ ጠይቁ።

ልብሱ እንዲህ ነው፤ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም ካልሲ፣ ሱሪው ካልሲው ውስጥ የተከተተ። አያምርም። ግን ሜይ የመዥገር ወር ነው፤ የኦሃዮ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። የመዥገር መከላከያ ተቀቡ። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል ቅጠል አትንኩ፤ ፖይዝን አይቪ ነው፤ ቆዳችሁን ያቃጥላል። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ግዙ፤ ቀይ መብራት ያለውን። ነጭ መብራት ያበራ ሰው ሁሉንም ሰው ያሳውራል፤ ይሰደባልም።

መሣሪያ ነገር ላንሣ። ኦሃዮ ውስጥ ከ2022 ወዲህ 21 ዓመት የሞላው፣ በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ማንንም አታስደንግጡ። ከቡድን አትነጠሉ። ፈካ ያለ ልብስ ልበሱ፤ በተለይ እንደኔ ጠቆር ያላችሁ። የቢግፉት ልብስ ለብሶ መቀለድማ ፈጽሞ አይታሰብም። በ2012 ሞንታና ውስጥ አንድ ሰው እንዲህ ዓይነት ቀልድ ሲሞክር፣ በሌሊት አውራ ጎዳና ላይ መኪና ገጭቶት ሞቷል።

ጫካው ውስጥ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። ዝም ይባላል። አንዱ ወፍራም እንጨት አንሥቶ ግንድ ይመታል፤ አንዴ። ቢግፉት በእንጨት ማንኳኳት ይነጋገራል ብለው ያምናሉ። ከዚያ ይጠበቃል። ረጅም ነው። እግር ይደነዝዛል። አንዳንዴ ከማዶ ይመለሳል፤ «ኳ!» ያን ጊዜ የቡድኑ ትንፋሽ ሲቆም ይሰማችኋል። የኔም ቆሞ ነበር፤ አልዋሽም። ግን እዚያው ጫካ ውስጥ ሌላም ቡድን እንጨት ይዞ መውጣቱን አትርሱ። ሁለቱም ቡድን አንዱ ለአንዱ እየመለሰ፣ ሁለቱም ደስ ብሎት ይገባል። ይህን በሹክሹክታ ስለው ባልደረባዬ በክርኑ ጎሸመኝ።

ድምፅ ለመለየት ቤት ሳላችሁ ተለማመዱ። ባርድ አውል የሚባለውን የጉጉት ዓይነት፣ የቀይ ቀበሮን፣ የኮዮቴን ጩኸት ፈልጋችሁ ስሙ። ጉጉቶቹ ጥንድ ሆነው ሲጮሁ የጦጣ መንጋ ነው የሚመስሉት። ቀይ ቀበሮ እንደምትታረድ ሴት ትጮኻለች። ጅብ እየሰማ ያደገ ሰው ግን እዚህ ላይ ብልጫ አለው። አሜሪካኖቹ በድንጋጤ ሲተያዩ እኔ «ይሄ ከጅብ ምን ይበልጣል?» እያልኩ ነበር።

7. ዱካ ብታገኙ

ብዙዎቹ ጉባኤዎች ላይ ዱካ በጀሶ መቅዳት ያስተምራሉ። ከሁሉም ተግባራዊው ትምህርት ይህ ነው። ቢግፉት ባይኖርም ለውሻም፣ ለአጋዘንም ይሠራል፤ ልጆች በጣም ይወዱታል።

መጀመሪያ አትንኩት። ልክ ከአናቱ ሆናችሁ ፎቶ አንሡ፤ አጠገቡ ማስመሪያ አኑሩ። ማስመሪያ የሌለው ፎቶ ዋጋ የለውም። ከዚያ ባትሪውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ በጎን አብሩና ድገሙት፤ ጥላው ጥልቀቱን ያወጣዋል። ቀጥሎ ከዱካው በፊትና በኋላ ያሉትን እርምጃዎች ፈልጉ። ብቻውን የተገኘ አንድ ዱካ ያጠራጥራል። ባለቤቱ በአንድ እግሩ አልመጣም።

አሁን ጀሶው። ዱካውን በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ጥብጣብ ክበቡት። ሁለት እጅ ጀሶ ለአንድ እጅ ውሃ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሹት፤ እንደ ቀጠን ያለ አጥሚት ሲሆን ደርሷል። ዱካው ላይ በቀጥታ አታፍስሱት፤ ያበላሸዋል። ከዳር አፍስሱና ራሱ ይግባ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ መሀል ላይ ገለበጥኩትና ጣቶቹ ጠፉ፤ የአሠልጣኙ ቦት ጫማ ዱካ ስለነበር ማንም አላዘነም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ብርድ ከሆነ አንድ ሰዓት። ስታነሡት በጎን በኩል አፈሩን ቆፍራችሁ ከሥሩ አንሡት፤ በጠርዙ ብትጎትቱት ይሰበራል። አፈሩን እዚያው አታጥቡት። ሁለት ቀን ይድረቅ።

8. ስትመለሱ

ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ልብሳችሁን ሳታጥቡ ማድረቂያ ውስጥ ክተቱና በከፍተኛ ሙቀት አሥር ደቂቃ አዙሩት፤ መዥገሩን የሚገድለው ድርቀቱ ነው። ሰውነታችሁን ፈትሹ፤ ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ የጸጉር ሥር። የተጣበቀ ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ቆዳ ላይ የሚሰፋ ቀይ ክብ ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ጫካ መዋላችሁንም ንገሩት። ለምን ጫካ እንደዋላችሁ መናገር ግዴታ የለባችሁም።

የጋበዛችሁን ሰው ሰኞ ሥራ ላይ ሰው ፊት አታስነሡት። ምናልባት ለሌላው አልነገረ ይሆናል። ባልደረባዬና እኔ ስለ ሌሊቱ የምናወራው እስከ ዛሬ ድረስ መኪና ማቆሚያው ላይ ብቻ ነው።

እና ከሎጁ ሳትወጡ ሪሴፕሽኑ ጋ ጎራ ብላችሁ የሚቀጥለውን ዓመት ክፍል ጠይቁ። እኔ «ገና አንድ ዓመት አለ» ብዬ ተውኩት። በሁለተኛው ዓመት መኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፌ ነው ያደርኩት፤ መስኮቱ ላይ አንድ ነገር ሲንኳኳ ነቃሁ። የፓርኩ ጠባቂ ነበር።